ወደ አውስትራሊያ ለሚሄዱ የሚሰጠው የደሴው የማታ ኮርስ፦ ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?

ደሴ ፒያሳ አካባቢ፣ ሥሩ ልብስ መሸጫ የሆነ ፎቅ ላይ፣ ወደ አውስትራሊያ ለሚሄዱ ሰዎች የሚሰጥ የማታ ኮርስ አለ። የእንግሊዝኛ ትምህርት ቤት አይደለም። ቪዛም አያስጨርስም። የሚያስተምረው የአገሩን ሰው ፀባይ ነው፤ ምን እንደሚያከብሩ፣ በምን እንደሚኮሩ፣ ምን እንደሚያስቆጣቸው፣ አገራቸው ከሚገባ ሰው ምን እንደሚጠብቁ። ባለቤቴ ሜልቦርን ነው ያለው። የትዳር ቪዛዬ ሂደት ላይ ነው። ኮርሱን ጨርሻለሁ፤ «እንዴት ነው፣ ልመዝገብ?» የሚለኝ ሰው ስለበዛ እዚህ በሰፊው ልጻፈው።

አጭሩ መልስ፦ ተመዝገቡ። አንድ ትልቅ ጉድለት ግን አለው፤ እሱንም ሳልደብቅ እነግራችኋለሁ። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

ክፍያው ለአንድ ወር 2,000 ብር ነው። ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ፣ ከ11 ሰዓት ተኩል እስከ ማታ 1 ሰዓት ተኩል ይማራሉ። መግሪብ ሲደርስ ትምህርቱ ይቆማል። ሰጋጁ ጥግ ላይ ይሰግዳል፣ ሌላው ሻይ ይጠጣል፣ ከዚያ ይቀጥላል። ይህን ማንም አልደነገገውም፤ ከመጀመሪያው ቀን እንዲሁ ሆነ።

አስተማሪው ሜልቦርን ውስጥ ለረጅም ዓመታት ትራም የሚባለውን የከተማ ባቡር ሲነዳ የኖረ ሰው ነው። ትውልዱ ወረኢሉ ነው። የተመለሰው እናቱን ለመጦር ነው። ንግግሩ አሁንም የወሎ ነው፤ ተማሪ ሲጨነቅ «አብሽር» ይላል እንጂ አይቆጣም። ያየውን «አየሁ»፣ ያነበበውን «አነበብኩ» ብሎ ለይቶ ይናገራል። በጣም የወደድኩለት ይህን ነው። ከውጭ የመጣ ሰው ሁሉ አገሩን ወይ ገነት ወይ ሲኦል አድርጎ በሚያወራበት ጊዜ፣ እንዲህ ለይቶ የሚናገር ማግኘት ትልቅ ነገር ነው።

የኮርሱ እምብርት አንድ ወረቀት ነው። አውስትራሊያ ለመኖር የሚያመለክት ከ18 ዓመት በላይ የሆነ ሰው የአውስትራሊያ እሴቶች መግለጫ የሚባል ጽሑፍ ላይ ይፈርማል። ከመፈረሙ በፊት ስለ አገሩ ኑሮና መርሆች የተዘጋጀውን መንግሥታዊ ጽሑፍ ማንበብ ወይም ሰው አንብቦ እንዲያስረዳው ማድረግ አለበት። ከዚህ በፊት ገንዘብ የተቀበለኝ አንድ ጉዳይ አስፈጻሚ «ዝም ብለሽ ፈርሚ፤ ወግ ናት» ብሎኝ ነበር። እኔ ያላነበብኩት ነገር ላይ አልፈርምም። ወረቀቱን ይዤ ወጣሁ። ወደዚህ ኮርስ ያመጣኝም ያ ነው።

መግለጫው ላይ ያለው ሲጠቃለል ይህ ነው፦ የእያንዳንዱ ሰው ነፃነትና ክብር፤ የሃይማኖት፣ የመናገርና የመደራጀት ነፃነት፤ ማንም ሰው ከሕግ በላይ አለመሆኑ፤ በምርጫ የቆመ ፓርላማ፤ በፆታ፣ በዘር፣ በዕድሜ፣ በአካል ጉዳት ሳይለይ ለሁሉም እኩል ዕድል፤ መከባበር፣ መቻቻልና ለተቸገረ ማዘን፤ የአገሩ ቋንቋ እንግሊዝኛ መሆኑና እሱንም ለመማር መጣር። ወረቀቱን ብቻውን ያነበበ ሰው «ይሄንን የትኛውም አገር ይጽፈዋል» ይላል። የኮርሱ ብልሃት እያንዳንዱን መስመር አውርዶ ከኑሮ ጋር ማገናኘቱ ነው።

የሃይማኖቱን ምሽት ልንገራችሁ። እኛ ወሎዎች ይሄ አይከብደንም። እኔ አባቴ ሙስሊም ነው፤ የእናቴ ወገኖች ክርስቲያን ናቸው። ድግስ ሲኖር የሙስሊሙና የክርስቲያኑ ሥጋ ለየብቻ ይታረዳል፣ ለየብቻ ይወጠወጣል፣ እንግዳው ግን አንድ ግቢ ነው የሚቀመጠው። ስለዚህ አስተማሪው «ማንም በሃይማኖቱ አይነካም» ሲል ክፍሉ ሁሉ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። ቀጥሎ «ሃይማኖት የሌለውም አይነካም» አለ። በ2021 በተደረገው ቆጠራ 38.9 በመቶው ሕዝብ ሃይማኖት የለኝም ብሏል። ክርስቲያን ነኝ ያለው 43.9 በመቶ ነው። ሙስሊሙ 3.2 በመቶ ነው። ክፍሉ ፀጥ አለ።

ከፊት የተቀመጠች የተሁለደሬ ሴት እጇን አወጣች። «ታዲያ በምን ይምላሉ?» አለች።

የወሩ ምርጥ ጥያቄ ይህ ነበር። አስተማሪውም አልሳቀባትም፤ ቁምነገር አድርጎ መለሰላት። ፍርድ ቤት የቆመ ሰው በመጽሐፉ መማል ይችላል፤ ካልፈለገ ደግሞ ፈጣሪን ሳይጠራ እውነት እንደሚናገር በሕግ ፊት ቃል ይገባል። ሁለቱም እኩል ይጸናሉ፤ ሁለቱንም የዋሸባቸው ይቀጣል። የዜግነት ቃል መግቢያውም ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ላይ እግዚአብሔር ይጠራል፣ ሌላው ላይ አይጠራም። ሰውየው የፈለገውን ይመርጣል። ሴትዮዋ «እሺ፤ ቃል ካለ ይበቃል» ብላ ተቀመጠች። እኔም ያን ማታ ነው የአገሩ ነገር የገባኝ። አንድ የሚያደርጋቸው አንድ ዓይነት እምነት አይደለም። የጋራ ቃል ነው፤ ያን ቃል እያንዳንዱ በራሱ በር ገብቶ ይይዘዋል።

ከሁሉም በላይ ብዙ ጊዜ የወሰድነው «ፌር ጎ» የሚሉት ነገር ላይ ነው። ሰው የማንም ልጅ ይሁን፣ ከየትም ይምጣ፣ ሞክሮ የሚያድግበት እኩል ዕድል ይሰጠው ማለት ነው። እኩል ሀብት አይደለም። መነሻው ላይ በር አይዘጋበት ነው። አስተማሪው ይህን በታሪክ አስረዳን። በ1856 ሜልቦርን ውስጥ ድንጋይ ጠራቢዎች ሥራ አቁመው ሰልፍ ወጡ። የጠየቁት ደመወዛቸው ሳይነካ የቀን ሥራ 8 ሰዓት እንዲሆን ነበር። አገኙትም። በ1907 ደግሞ ሂጊንስ የሚባል ዳኛ የእርሻ ማሽን ፋብሪካ ጉዳይ ቀርቦለት፣ የሠራተኛ ደመወዝ ባለቤቱ ሊከፍል በፈቀደው ሳይሆን ሠራተኛው ከነቤተሰቡ እንደ ሰው ለመኖር በሚያስፈልገው ይለካ ብሎ ወሰነ። እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ሰኞ ገበያ በቁራጭ ነው የምሠራው። ይህን ስሰማ ደብተሬ ላይ ሁለቴ ነው ያሰመርኩበት።

ያ ውሳኔ ግን የታሰበው ሚስትና ሦስት ልጅ ለሚያስተዳድር ወንድ ነበር። ሴት ለብዙ ዓመታት ያነሰ ነበር የሚከፈላት። እኩል ሥራ ለሠራች ሴት እኩል ክፍያ የሚለው ውሳኔ የመጣው በ1969 ነው። ይህን አስተማሪው ራሱ ነው ያነሳው፤ ሳንጠይቀው። ዛሬ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ በየዓመቱ ይከለሳል። ከጁላይ 2024 ጀምሮ የነበረው በሰዓት 24.10 የአውስትራሊያ ዶላር ነበር። ቡና ቤት አስተናጋጅ በጉርሻ አይኖርም። «ከዚህ በታች የሚከፍላችሁ የአገራችሁ ሰው ቢሆንም እሺ አትበሉ» አለን። ይህች ምክር ብቻዋን የኮርሱን ክፍያ ትመልሳለች።

የወረፋ ሰልፍ ልምምድም ጥሩ ነበር። ወንበሮቹን ገፍተን እንደ ባንክ አደረግነው። ልጃቸው ፐርዝ ያለ አንድ ሐጂ አብረውን ይማሩ ነበር። ወጣቶቹ እንደ ልማዳችን «ይለፉ አባባ» አሉ። አስተማሪው አስቆመን። ቦታህን መልቀቅ መብትህ ነው፣ ደግም ሥራ ነው አለ። ትልቁ ሰው ግን «ቅድሚያ ስጡኝ» ብሎ መሐል አይገባም፤ ባለሥልጣንም አይገባም፣ ሀብታምም አይገባም። ሰልፍ የጣሰ ሰው ላይ ዝምተኛው ሁሉ ይናገራል። ትራም ላይ ለአረጋውያንና ለነፍሰ ጡር የተለየ መቀመጫ አለ፤ እሱ ሌላ ነገር ነው።

በስም መጥራቱ ከዚህ ይበልጥ አከራከረን። እዚያ ሐኪሙም፣ አለቃውም፣ የፓርላማ አባሉም በስሙ ነው የሚጠራው። ሐጂ አልተዋጠላቸውም። «የልጄ ልጅ የሚሆን ባንክ ጸሐፊ በስሜ ይጥራኝ?» አሉ። ይጠራዎታል አላቸው፤ ንቀት ግን አይደለም፣ እሱም በስሙ እንዲጠሩት ይጠብቃል። በመጨረሻ ክፍሉ ተስማማ፤ በእንግሊዝኛ ስንለማመድ በስማቸው፣ በአማርኛ ስናወራ ሐጂ። በወሩ መጨረሻ እኚህ ሰው «ሄሎ» ብለው የራሳቸውን ስም ሲናገሩ ማንም አይበልጣቸውም ነበር።

ራሱን ከፍ ከፍ የሚያደርግ ሰው እንደማይወደድም ነገረን። ታክሲ ውስጥ ብቻውን የተሳፈረ ወንድ ብዙ ጊዜ ከሹፌሩ ጎን ይቀመጣል። የሥራ ባልደረቦች ይቀላለዳሉ፤ ሲቀልዱብህ ብዙ ጊዜ ወደውህ ነው። ከሥራ በኋላ አብሮ መጠጣት አለ። እዚያ በየተራ ይጋበዛል። አልኮል የማይጠጣ ሰው ጭማቂ አዝዞ አብሮ መቀመጥ ይችላል፤ ተራው ሲደርስ ግን ይክፈል። ጓደኝነትን የሚለኩት በክፉ ቀን ነው። የገጠሩን ሰደድ እሳት የሚያጠፉት አብዛኞቹ ደመወዝ የሌላቸው በጎ ፈቃደኞች ናቸው። የባህር ዳርቻ ላይ ሰው ከመስጠም የሚያድኑትም ብዙዎቹ እንዲሁ። ቅሬ (እድር) ያለው የወሎ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያስፈልገውም። ልዩነቱ፣ እዚያ ጎረቤት ሳይጠራ ቤትህ አይገባም፤ ቡና አፍልተህ ደጅ ላይ ብትጣራም አይመጣም። ቀድመህ ደውለህ መቅጠር አለብህ።

አሁን ስለ ምርጫው። አውስትራሊያ ውስጥ ድምፅ መስጠት ግዴታ ነው፤ ከ1924 ጀምሮ በሕግ። ያለ በቂ ምክንያት የቀረ ሰው በፌዴራል ምርጫ 20 ዶላር ይቀጣል። ምርጫው ቅዳሜ ነው። ትምህርት ቤቶች ጣቢያ ይሆናሉ፤ ወላጆች ደጅ ላይ ቋሊማ ጠብሰው በዳቦና በሽንኩርት ይሸጣሉ፤ ገንዘቡ ለትምህርት ቤቱ ነው። የምርጫ ቀን እዚያ የሠፈር ቀን ነው።

አስተማሪው በአፍ ብቻ አልተወውም። የክፍሉ የመጨረሻ ሽርሽር የት ይሁን ብሎ እውነተኛ ምርጫ አስደረገን። ዕጩዎቹ ሐይቅ፣ ኮምቦልቻና ቦሩ ሜዳ ነበሩ። በቋሊማው ፋንታ በሩ ላይ የምስር ሳምቡሳ ይሸጥ ነበር። ወረቀቱ ላይ ሦስቱም ስም አለ። አንዱን መርጠህ ምልክት አታደርግም፤ በጣም ለምትፈልገው 1፣ ለሚቀጥለው 2፣ ለመጨረሻው 3 ትጽፋለህ። እዚያ አገር ከ1918 ጀምሮ እንዲህ ነው የሚመረጠው።

አሥራ አምስት ሰው መረጥን። ሐይቅ 6፣ ኮምቦልቻ 5፣ ቦሩ ሜዳ 4 አገኙ። የሐይቅ ደጋፊዎች እልል አሉ። «ቆይ» አለ አስተማሪው። ግማሹን ያለፈ የለም፤ ለማሸነፍ 8 ድምፅ ያስፈልጋል። ትንሹን ያገኘው ቦሩ ሜዳ ወጣ። የመራጮቹ ወረቀት ግን አልተጣለም። አራቱን ወረቀቶች አንስቶ 2 ቁጥር የተጻፈበትን አየ። ሦስቱ ኮምቦልቻ ብለዋል፣ አንዱ ሐይቅ። ኮምቦልቻ 8፣ ሐይቅ 7። ክፍሉ ተንጫጫ። ሐይቅ መጀመሪያ መርቶ እንዴት ይሸነፋል? መልሱ ሰሌዳው ላይ ነበር። ከግማሽ በላይ የሆነው ሰው ከሁለቱ አንዱን ይምረጥ ቢባል ኮምቦልቻን ይመርጣል። ብዙ ሰው እንደ ሁለተኛም ቢሆን የሚቀበለው ያሸንፋል። ከቦሩ ሜዳ ወገን የነበረ አንድ ልጅ «የኔ ዕጩ ወድቆም ድምፄ ሠራ ማለት ነው» አለ። ይህን በመጽሐፍ ብታነቡት አንድ ገጽ ነው። እንዲህ ሲደረግ ግን ሰው ለምን ተሸንፎ ወደ ቤቱ በሰላም እንደሚገባ ታያላችሁ። እኔ በዕድሜዬ ከተማርኩት ትምህርት ሁሉ እንዲህ የጣመኝ የለም።

የኤፕሪል 25ን ነገር ያስተማረን ደግሞ ብስኩት ጋግሮ አምጥቶ ነው። በአጃ፣ በኮኮናትና በቅቤ የሚሠራ ደረቅ ብስኩት ነው፤ እንቁላል የለውም። እዚያ የሚጨምሩበት ወፍራም የስኳር ሽሮፕ ደሴ ስላልተገኘ የቦረናን ማር ነው የተጠቀመው። ዕለቱ ዓርብ ስለነበር ግማሹን ለጿሚዎች በዘይት ለይቶ ሠርቶታል። የዘይቱ ትንሽ ይሰባበራል፤ የቅቤው ግን ከሻይ ጋር ግሩም ነው። እየበላን ታሪኩን ነገረን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ በ1915 በዚያ ቀን የአውስትራሊያና የኒውዚላንድ ወታደሮች ቱርክ ውስጥ ጋሊፖሊ ላይ ወረዱ። ወራት ተዋጉ፤ አልቻሉም፤ በዲሴምበር መውጣት ጀመሩ። ከ8,000 በላይ አውስትራሊያውያን እዚያ ቀርተዋል። በየዓመቱ ያን ቀን ገና ሳይነጋ ሰው ተሰብስቦ ቆሞ ያስባቸዋል።

እኔ እዚህ ላይ ብዙ አሰብኩ። እኛ በየዓመቱ አደባባይ የምንወጣው ለአድዋ ድል ነው፤ የወሎው ራስ ሚካኤልም ከዚያ ከዘመቱት ናቸው። እኚሁ ሰው በኋላ ንጉሥ ሆነው በ1916 ሰገሌ ላይ ተሸንፈው ተማረኩ። ከጋሊፖሊ አንድ ዓመት ያህል ቆይቶ ማለት ነው። ሰገሌ ላይ የወደቀውን የወሎ ገበሬ ቁመን የምናስብበት ቀን የለንም። አውስትራሊያውያን ግን ያልቀናቸውን ዘመቻ ይዘው ከሁሉም በላይ አከበሩት። የሚያከብሩት ማሸነፉን አይደለም፤ ወታደሩ ጓደኛውን ጥሎ አለመሸሹን ነው። ስለ አገሩ ሰው ከተማርኩት ሁሉ ይህን ነው ለልጆቼ መጀመሪያ የምነግረው።

ወደ ጉድለቱ ልምጣ። የመሬቱ ነባር ባለቤቶች፣ አቦሪጂኖችና የቶረስ ስትሬት ደሴት ሰዎች፣ በዚህ ኮርስ ውስጥ ያገኙት ጊዜ ግማሽ ምሽት ነው። ያውም መብራት የጠፋበት ምሽት። ይሄ ልክ አይደለም። ስለ እኩል ዕድል ወር ሙሉ የሚያስተምር ኮርስ፣ ዕድሉ ማን ላይ ተዘግቶ እንደነበር በሙሉ ድምፅ መናገር አለበት። ብዙውን ያነበብኩት በራሴ ነው።

እነዚህ ሰዎች በዚያ ምድር ላይ ቢያንስ 50,000 ዓመት ኖረዋል። ጃንዋሪ 26 ቀን 1788 የእንግሊዝ መርከቦች ሲድኒ ላይ ሰፈሩ። ያ ቀን ዛሬ ብሔራዊ በዓል ነው፤ ለብዙ ነባር ሰዎች ግን የወረራ ቀን ነው፤ ሐዘን ይቀመጡበታል፣ ሰልፍ ይወጡበታል። ለብዙ አሥርት ዓመታት ልጆቻቸው ከእናቶቻቸው ጉያ በመንግሥት እጅ ተወስደዋል። ጠቅላይ ሚኒስትር ኬቪን ራድ በፓርላማ ይቅርታ የጠየቁት በፌብሩዋሪ 13 ቀን 2008 ነው። በ1967 በተደረገ ሕዝበ ውሳኔ ከ90 በመቶ በላይ ሕዝብ ሕገ መንግሥቱ ተሻሽሎ በቆጠራው እንዲካተቱ፣ የፌዴራሉ መንግሥትም ስለ እነሱ ሕግ ማውጣት እንዲችል ደግፏል። በ1992 ማቦ በሚባል ነባር ሰው ክስ ላይ የተሰጠው ፍርድ መሬቱ ባለቤት አልነበረውም የሚለውን የድሮ አባባል አፈረሰው። በ2023 ደግሞ ነባሮቹ ፓርላማውን የሚያማክር አካል በሕገ መንግሥት ይኑራቸው ተብሎ ሕዝብ ተጠየቀ፤ 60 በመቶ ገደማ አይሆንም አለ። ነገሩ ገና ያላለቀ ነው። ወደዚያ የምንሄድ ሰዎች ያላለቀ መሆኑን አውቀን እንግባ።

የኛ የመጤዎቹም ታሪክ እንዲሁ አጥሯል። አገሩ በ1901 ፌዴሬሽን ሲሆን ወዲያው ነጭ ያልሆነን ሰው የሚከለክል ሕግ አወጣ። የማይፈለገው ሰው ወደብ ላይ ሲደርስ መኮንኑ በመረጠው የአውሮፓ ቋንቋ 50 ቃል ያህል እያነበበለት ጻፍ ይባላል። እንግሊዝኛ ቢችል በሌላ ቋንቋ ይፈተናል። ያ ፈተና እስከ 1958 ቆየ። ፖሊሲው ጨርሶ የተቀበረው በ1973 ነው። ዛሬ በ2021ዱ ቆጠራ መሠረት ከሕዝቡ 27.6 በመቶው ውጭ አገር የተወለደ ነው። ፉትስክሬይ በሚባለው የሜልቦርን ሠፈር ውስጥ የእንጀራ ቤት በረድፍ ተከፍቷል፤ ኤስቢኤስ ሬዲዮ በአማርኛ ያሰራጫል። ይህ ሁሉ ከሰማይ አልወረደም፤ ሰዎች ታግለው የለወጡት ነው። ለአስተማሪው ይህን ነገርኩት። ሳይከራከር ሰማኝ። ለሚቀጥለው ዙር ሁለት ሙሉ ምሽት እመድባለሁ ብሎኛል።

ስለ ቤተሰብ ሕጉ ያስተማረው ግን ቆራጥ ነበር፤ ለዚህ ምስጋና ይገባዋል። ሚስትን መምታት ወንጀል ነው። ሴት ልጅን ያለ ፈቃዷ መዳር ወንጀል ነው፤ ከ2013 ጀምሮ ራሱን የቻለ ሕግ አለው። ወደ ወሎ ልኮ እዚህ መዳርም አያስጥልም። አደጋ ሲመጣ 000 ይደወላል፤ ገንዘብ የለኝም ብላችሁ አትፍሩ አለን። ሴቶቹ ቁጥሩን ጻፉ። ወንዶቹም እንዲጽፉ አደረገ። ሰው በፆታ ዝንባሌው እንደማይገለልም መግለጫው ላይ አለ። እዚያ ላይ ክፍሉ ከበደው። አስተማሪው አላለፈውም፦ «እምነትህን ማንም አይቀማህም። ሥራ ላይ፣ ጎረቤት ላይ፣ ሰውን ብታዋርድ ግን ሕጉ ይይዝሃል። የፈረምከው ይህን ነው» አለ። ያልተስማማ ሰው ነበር፤ ሳይፈርም አስቦበት እንዲመጣ ነገረው። ልክ ነው።

ስለ ክፍሉ ጥቂት ነገር። ብርድ ነው፤ የጦሳ ንፋስ በተሰበረው መስኮት ይገባል፣ ጋቢ ያዙ። ፕሮጀክተሩ መብራት ሲሄድ አብሮ ይሄዳል፤ ባትሪ ሊገዛለት ይገባል። ፎቶ ኮፒው ደብዛዛ ነው። እንግሊዝኛ ፈጽሞ ለማይችል ሰው ኮርሱ በቂ አይደለም፤ ቋንቋውን ሌላ ቦታ ይማር።

ኋላ ለዜግነት የሚያስቡም ጥሩ መነሻ ያገኛሉ። ፈተናው በእንግሊዝኛ 20 ጥያቄ ነው፤ 75 በመቶ ማምጣት ያስፈልጋል። ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ አምስቱ ጥያቄዎች ስለ እሴቶቹ ናቸው፤ ከነሱ አንድም መሳት አይቻልም። ለማመልከት አብዛኛው ሰው አራት ዓመት በሕጋዊ ቪዛ መኖር አለበት፤ የመጨረሻው ዓመት በቋሚ ነዋሪነት። የኢትዮጵያ ሕግ ሁለት ዜግነት እንደማይፈቅድም አስተማሪው ደጋግሞ አስታውሶናል። አውስትራሊያዊ የሆነ ሰው ኢትዮጵያዊ ዜግነቱን ይተዋል፤ የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ማውጣት ግን ይችላል። ይህን ከባለቤቴ ጋር ገና እየተመካከርንበት ነው።

በደላላ ቪዛ የምትፈልጉ እዚያ አትሂዱ፤ ቤቱ ያን ሥራ አይሠራም፣ «የማውቀው ሰው አለ» የሚልም የለም። የትዳር ወይም የቤተሰብ ጉዳይ የጀመራችሁ፣ ልጅ ለመጠየቅ የምትሄዱ ወላጆች፣ ለትምህርት የምትወጡ ወጣቶች ግን ሂዱ። ምዝገባው ቅዳሜ ጠዋት ነው። ግማሹን ክፍያ መጀመሪያ፣ ግማሹን በሁለተኛው ሳምንት ይቀበላል። ባልና ሚስት አብረው ከመጡ ለሁለተኛው ሰው 1,200 ብር ብቻ ነው። ደረጃው ጠባብና ገደላማ ስለሆነ ትልልቅ ሰዎች ይዛችሁ የምትመጡ ከኋላ በኩል በልብስ መደብሩ ግቡ፤ ባለ መደብሩ ይፈቅዳል።